«አደይ አበባ አለ?»

ቃሊቲ የሚኖር ሰው አንድ ስም ስንት ነገር መሸከም እንደሚችል ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። «ሰፈርህ የት ነው?» ሲሉኝ «ቃሊቲ» እላለሁ። የጠያቂዬ ፊት ይለወጣል። ድምፁን ዝቅ ያደርግና «መቼ ወጣህ?» ይለኛል። እኔም ማስረዳት የሚወድ ሰው ነኝና ቃሊቲ ማለት ማረሚያ ቤቱ ብቻ አለመሆኑን እዘረዝርለታለሁ። ጉምሩክ አለን፣ የሾፌር ማሰልጠኛ አለን፣ የፓስታና የብስኩት ፋብሪካ አለን፣ መናኸሪያ አለን፣ የከተማው ባቡር የሚነሣው ከእኛ ነው፣ የከተማው ፍሳሽ የሚጣራውም እኛው ዘንድ ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ይሰማኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው» ብሎኝ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ በልጄ የቤት ሥራ ሰተት ብዬ የገባሁት።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛ ክፍል የጀመረችው ልጄ ገና ሽፋኑ ያልቆሸሸ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው በመምህሯ እጅ ተጽፏል፦ «አደይ አበባ ማለት ምን ማለት ነው? ቤተሰብና ጎረቤት ጠይቃችሁ ጻፉ። ዓርብ ጠዋት አበባዋን ይዛችሁ ኑ።» ከሥሩ በማስመሪያ ተለክተው የተሰመሩ አራት መስመሮች አሉ። አራት ብቻ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። «ጻፊ፦ አደይ አበባ ማለት ክረምቱ ሲወጣ የምትፈካ ቢጫ አበባ ናት።»

ልጄ እርሳሷን አላነሣችም። «አባዬ፣ እሱማ ምን እንደምትመስል ነው። እኔ የተባልኩት ምን ማለት እንደሆነ ነው።»

በሁለት ዓረፍተ ነገር የተሸነፍኩት ያኔ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች «ፌርማታ ናት በላት!» አለች። ነገሩን በቀልድ ብላው ቢሆን ባልከፋኝ። ያለችው ግን ዓምና የሆነውን ሁሉ ልታስታውሰኝ ነው።

በእኛ መስመር አደይ አበባ በእርግጥም ፌርማታ ናት። ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ በሚኒባስ ሲወጡ ሳሪስን አለፍ እንዳሉ «አደይ አበባ ወራጅ!» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ስሙ የመጣው ከክር ፋብሪካው ነው። ዕድሜ ልኩን እዚያ ሲወርድ ኖሮ ፋብሪካውን አንድ ቀን ቀና ብሎ ያላየ ሰው ግን ሞልቷል። የከተማው ቀላል ባቡርም መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ሲጀምር ይህንኑ ስም ወርሶ ነው የተነሣው። ከቃሊቲ ተነሥቶ አቦ ይላል፣ ሳሪስ ይላል፣ ቀጥሎ አደይ አበባ ይላል። ባቡር አበባዋ በምትፈካበት ወር ተመርቆ በአበባዋ ስም በተጠራ ጣቢያ ሲቆም ማየት ደስ ይላል። ጣቢያው ላይ አበባ ይፈልግ የነበረ ሰው ካለ ግን ያገኘው ኮንክሪት ነው።

ዓምና የሆነው እንዲህ ነው። አጎቴ ከጎጃም መጡ። ቤቴን አያውቁትም፤ እኔም ከሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ ልቀበላቸው ብዬ «አደይ አበባ እንገናኝ» አልኳቸው በስልክ። ባለቤቴም ከሥራዋ በዚያው እንድትመጣ ደወልኩላት፤ አጠገቤ ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ስለነበር «አበባው ጋ ነን» ማለቴን ብቻ ነው የሰማችው። እኔ አደይ አበባ ፌርማታ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። አንድ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ አጎቴ ደወሉ።

«የት ነህ አንተ? እኔ ከደረስኩ ቆየሁ።»

«እኔም እዚሁ ነኝ ጋሼ። አጠገብዎ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ክሬን ነው ያለው። አንድ ተራራ የሚያህል ሙቀጫ እየሠሩ ነው። አበባ የሚባል በዓይኔ አላየሁም።»

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። አጎቴ መንገድ የጠየቁት የኳስ ማልያ የለበሰ ወጣት ነበር። ለኳስ ወዳድ አደይ አበባ ማለት ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም፤ ቦሌ በኩል በ2008 ግንባታው የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው ስታዲየም ነው። ልጁ በቅን ልቦና ታክሲ ላይ አሳፍሮ ሰደዳቸው። ባለቤቴስ? «አበባው ጋ» ሲባል እሷ የመጣላት መስቀል ፍላወር ነው። በአንድ ሆቴል ስም የተጠራ፣ ግማሽ ጎኑ አማርኛ ግማሽ ጎኑ እንግሊዝኛ የሆነ ሰፈር። እሱም ቢሆን ያቺው አበባ ናት፤ የመስቀል አበባ ማለት አደይ ማለት አይደለም? ሦስታችንም ልክ ነበርን። ሦስታችንም አደይ አበባ ነበርን። ሦስታችንም ግን ለየብቻ ነበርን።

ማታ እግራቸውን እየታጠቡ አጎቴ የተናገሩት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እኛ አገር አበባው ብዙ ነው፣ ስሙ ግን አንድ። እናንተ ዘንድ ስሙ ብዙ ነው፣ አበባው ግን የለም።»

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፦ «አደይ አበባ ማለት ፌርማታና ስታዲየም ናት።» ቀጥላ «አሁን ጎረቤት እንጠይቅ» አለችኝ። ጫማዬን አደረግኩ።

የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን ከግቢያችን በር ጀምሮ ሦስተኛው ቤት ናቸው። ከትግራይ የመጡት እኛ ሳንወለድ ነው። ልጆቻቸው በትግርኛ «ኣደይ» እያሉ ሲጠሯቸው፣ የግቢው ልጅ ሁሉ ስማቸው መስሎት አደይ አላቸው። ቆይቶ ደግሞ አክብሮት ጎደለው ተባለና «እማማ» ተጨመረበት። እንግዲህ «ኣደይ» ማለት «እናቴ» ማለት ነውና፣ እኛ ለ30 ዓመት አንዲትን ሴት «እማማ እናቴ» እያልን ስንጠራ ኖረናል። አንድ ቀን እንኳ አላረሙንም።

ስንደርስ በረንዳቸው ላይ በርበሬ አስጥተው፣ ዝንብ ሳይሆን ዶሮ በጭራ እያባረሩ ነበር።

«እማማ አደይ፣ አደይ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«እኔ ነኝ!» አሉ። መልሱ ይህን ያህል አጭር ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

«አበባዋስ?»

ጭራውን አስቀመጡ። «አበባዋማ ዓመቱን የወለደችው እሷ አይደለችም? እናት ብትባል ምን ይገርማል?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «በእኛ አገር ግን አደይ አንላትም። ገልገለ መስቀል ነው የምንላት።»

ይኸው! እናት የሚለውን ቃል ያገኘሁት ትግርኛ ዘንድ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዋ ግን አበባዋን በሌላ ስም ነው የሚጠሯት። የቋንቋ ሊቅ ሊታመም የሚችለው እንዲህ ባለ ቀን ይመስለኛል። ልጄ ግን ምንም አልተቸገረችም። ሁለተኛው መስመር ላይ «አደይ ማለት እማማ አደይ ናቸው» ብላ ጻፈች። እማማ አደይም ደብተሩን ተቀብለው፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ ገለባብጠው አዩትና «ልክ ነው» ብለው መለሱላት።

ከበር ወጣ እንዳልን ኦቦን አገኘናቸው። ድሮ ተሳቢ እየነዱ አሰብ ይመላለሱ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው መንገዱን በዓይናቸው የሚነዱ ሰው ናቸው። ከሱቁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሁሉ ጎማውን እያዩ ይገመግማሉ።

«አደይ? ኬሎ ማለትሽ ነው» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

በኦሮምኛ ስሟ ኬሎ ነው። መንገዱን ነባሩ የቢሾፍቱ መንገድ ነው ብለው በአገጫቸው አሳዩን። በኢሬቻ ሰሞን፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚሄደው ሰው በዚሁ ሲያልፍ እርጥብ ሣርና ኬሎ በእጁ ይዞ ነው። «ያን ቀን መኪና አላይም» አሉ ኦቦ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ቃል ነው። «ያን ቀን መንገዱ ራሱ ቢጫ ነው።»

ልጄ «አደይ» የሚል ቃል በኦሮምኛም እንዳለ ጠየቀቻቸው። «ኣዴ አለ» አሏት። «ለተከበረች ሴት፣ እናንተ ወይዘሮ እንደምትሉት።» ይህን ጊዜ ልጄ ቆማ አሰበች። ወይዘሮ አበባ! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አበባዋን «አንቺ» ማለት ትታ «እርስዎ» ማለት ጀመረች። ይህም እስከ ማታ ቆየ።

መሪጌታን ያገኘናቸው ከማታ ጸሎት ሲመለሱ ነው። የጠየቅኳቸው በተሳሳተ መንገድ ነበር። «መሪጌታ፣ ይህች የጸደይ አበባ…» ብዬ ሳልጨርስ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በመቋሚያ የተመታሁ ያህል ዝም አልኩ።

«ጸደይ ማን አለህ? ሬዲዮ ነው? ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መጸው ነው፣ መጸው! አሁን ያለነው ደግሞ ገና ክረምት ውስጥ ነው። መስከረም 25 ሳያልፍ ክረምት አልወጣም።»

ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ፤ ጥርት ብሏል። ከመሪጌታ ጋር ግን በሰማይ ጉዳይ አልከራከርም። ለዓመታት መስከረም በባተ ቁጥር «እንኳን ለጸደይ አደረሳችሁ» እያልኩ መልእክት ስልክላቸው ለኖርኩት ዘመድ ወዳጆቼ ሁሉ ግን ከዚህ በኋላ ምን እንደምላቸው እንጃ።

ቀስ ብለው ረጋ ሲሉ ሌላውን ስም አወጡልን። በግዕዝ አበባ ጽጌ ናት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ያድራል፤ አበባዋ ድንግል ማርያም ናት፣ ፍሬው ልጇ ነው። አንዱ አበባ ከሌላው እየተመሰለ፣ ሽቱው ከቀለሙ እየተነጻጸረ፣ ሌሊቱ ይነጋል። «እንግዲህ አበባ ማለት ምንድነው ላልሽው» አሉ ወደ ልጄ ጎንበስ ብለው፣ «እኛ በ40ው ቀን ውስጥ ሌሊት እየቆምን ስንመልሰው አድረን አልጨረስነውም። አንቺ ስንት መስመር ነው የተሰጠሽ?»

«አራት።»

«በቃ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ።»

«ጽጌ ረዳስ?» አለች ልጄ ወዲያው። የጎረቤት አጥር ላይ የተጠላለፈውን ቀይ አበባ እያየች ነበር። «ጽጌ ማንን ረዳ?» መሪጌታ በሕይወታቸው ብዙ የቅኔ ተማሪ አስተምረዋል። እንዲህ ያለ ሰም አጋጥሟቸው የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ማታ የወንድሜ ልጅ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነው የሚያጠናው፤ እራት የሚበላው ግን እኛ ቤት ነው። ልጄ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ «ባይደንስ ማክሮፕቴራ» አለ።

«ባይደን?» አለች ባለቤቴ። «የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው?»

«ባይደንስ። የላቲን ስም ነው። ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው።»

ጥርሱ ያለው አበባዋ ላይ ሳይሆን ዘሯ ላይ ነው። የዚህ ወገን ዕፅዋት ዘር ጫፉ ላይ እንደ ሹካ ሁለት ሹል ነገር ያወጣልና በዚያ ነው የተሰየመው። ማክሮፕቴራ ደግሞ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። እኛ ግጥም የምንገጥምላት፣ ሰላምታ የምንልክባት፣ ሳይንስ ዘንድ ስትደርስ «ባለ ሁለት ጥርስ፣ ባለ ትልቅ ክንፍ» ሆና ነው የተመዘገበችው። ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው የሌሊት ወፍ ናት።

«ይሄ ምን አላት» አለ የወንድሜ ልጅ እንጀራውን እየጠቀለለ፤ «ቀድሞ የተመደበችበት ወገን ኮሪዮፕሲስ ነበር። ትርጉሙ ትኋን የሚመስል ማለት ነው።»

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማን ነው እንዲህ ያላት?»

የዘሩን ቅርጽ አይተው ነው ፈረንጆቹ። ደግነቱ ከዚያ መዝገብ አውጥቶ ወደ ባይደንስ ያዛወራት የእኛው ሰው ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ። በሳይንሱ ልማድ እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራ ሰው ስሙ ከዕፅዋቱ ስም ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሙሉ ስሟ ሲጻፍ የሚያበቃው «መስፍን» በሚለው ነው። ይህን ስሰማ ደረቴ ሞላ። የአባት ስም አላት ማለት ነው! ከራሷ ስም ጋር አሁን መታወቂያ ለማውጣት የሚቀራት ፎቶና የነዋሪነት ማስረጃ ብቻ ነው። እሱንም ቃሊቲ ውስጥ ለማምጣት እንደምትቸገር ኋላ ላይ ተረዳሁ።

የወንድሜ ልጅ ሳይንሱን አልጨረሰም። ከአዲስ ዓመት ዋዜማ ጀምሮ ብርጭቆ ውስጥ ከቆመችው እቅፍ አንዷን አወጣና ከአምፖሉ ሥር አስጠጋት። ከቄጤማ ጋር በአንድ ላይ ከአንድ ልጅ የገዛኋት ናት፤ ከአንገቷ በታች ደርቃለች። ዙሪያዋን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ስምንት ናቸው፤ ቆጠርናቸው። መካከሏ ላይ ያለው ክብ ደግሞ ሲያዩት አንድ ነገር ይመስላል። በጥፍሩ ፈልቅቆ ሲያሳየን አንድ አይደለም። እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ አበባ ናት፤ የስንዴ ቅንጣት የማታክል፣ የራሷ ቀለበት ያላት፣ የራሷን ዘር የምትይዝ። እኛ አንዲት አበባ የምንላት ለካ ማኅበር ኖራለች። ሱፍም ኑግም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። «ጭጎጎትም የአጎቷ ልጅ ነው» አለ፤ «ሱሪ ላይ የሚጣበቀው። እሱም ባይደንስ ነው።»

ልጄ መዳፏ ላይ የወደቀችውን አንዷን ነጥብ ይዛ ብዙ ሰዓት አየቻት። ሦስተኛው መስመር ላይ የጻፈችውን ላሳይ፦ «አንድ አደይ አበባ ማለት ብዙ አበባ ማለት ነው።» ከዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የወጣው የለም።

ችግሩ፣ ልጅ አንዴ ቃል ማሳደድ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አልጋ ላይ ሆና ቀጠለች። «አበበ ማለትስ?» አበበማ ግሥ ነው፤ አበባ አወጣ ማለት ነው። አያት በቀለ፣ አባት አበበ፣ ልጅ ፍሬው ቢሆን የአንድ ሰው ሙሉ ስም የእርሻ ትምህርት ይሆናል፤ በቀለ፣ አበበ፣ ፍሬውን ሰጠ። የማራቶኑ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ስሙ ራሱ «አበበ! አበበ!» እያለ ውጤቱን ቀድሞ ሲናገር ነበር። «አዲስ አበባስ?» እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ በ1879 ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ያወጡት ስም ነው። «እስካሁን አዲስ ናት?» ከ130 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ግን በየቀኑ ስለምትፈርስና ስለምትሠራ አዲስ መሆኗ እውነት ነው። «አበባ ጎመንስ?» እሱ አትክልት ነው። «የአበባ ጉንጉንስ?» እሱ ለሞተ ሰውም ለተሾመ ሰውም ነው። «የወር አበባስ?»

ሳል መጣብኝ።

«ቴሌቪዥን ላይ ነው የሰማሁት» አለች። «በየወሩ የምትፈካ አበባ ናት?»

መጋረጃው የተስተካከለ ቢሆንም ተነሥቼ አስተካከልኩት። ባለቤቴ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ በሚገባት ቋንቋ፣ ሳታፍር፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ስሰማ አንድ ነገሯ ብቻ ደርሶ መታኝ፦ «ዛፍ ፍሬ ከመያዙ በፊት አበባ ያወጣል አይደል? ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አይተው ነው።» 40 ዓመት አልፎኝ፣ ባል ሆኜ፣ አባት ሆኜ፣ ይህ ስም ምን ያህል ያማረ እንደሆነ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። እፍረቱ ጆሮዬን ደፍኖት ኖሯል።

ሐሙስ ደረሰ። አበባዋን ይዞ መሄድ ግን ይቀረናል። የብርጭቆዋ እቅፍ በሳይንስ ተበልታ አልቃለች። ከእንቁጣጣሽ በፊት በየማዕዘኑ «አበባ! አበባ!» ሲሉ የነበሩት ልጆች አሁን ደብተርና እስክሪብቶ ነው የሚሸጡት። «ችግር የለም» አልኩ፤ «ቃሊቲ እኮ ነው ያለነው፣ የከተማው ዳር። ወጣ ብለን እንቀጥፋለን።»

ልጅ ሆኜ ይህ አባባል እውነት ነበር። ከቤታችን ጀርባ ወደ አቃቂ ወንዝ በኩል መስከረም ላይ ሜዳው ቢጫ ነበር፤ ኑጉ የትኛው፣ አደይዋ የትኛዋ እንደሆነች የሚለየው የሚያውቅ ብቻ ነው። ያንን ሜዳ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ፤ በቅርብ ሄጄ አላየሁትም እንጂ። ከልጄ ጋር ስንደርስ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ወዲያ የሲሚንቶ መጋዘን፣ ቀጥሎ የብረት መጋዘን፣ ቀጥሎ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ። ወደ ሌላው አቅጣጫ ዞርን፤ ተሳቢ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ ረዳቶቹ ከሥራቸው ምሳ እየቀቀሉ ነው። አንዱን ስጠይቀው ጥቂት አሰበና «አደይ አበባ? ከዚህ ታክሲ ያዝና ሳሪስን ስታልፍ ውረድ» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ላድርገው?

አንድ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና አጠገባችን አለፈ። ምን እንደጫነ አላየሁም። ከቢሾፍቱና ከዝዋይ በኩል ጽጌረዳ እንዲህ ባለ መኪና ተጭኖ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። ጽጌረዳ በብርድ ተኝታ አውሮፕላን ተሳፍራ ሆላንድ ታድራለች። አደይ ግን ፓስፖርት የላትም፤ ገበሬ አልዘራትም፣ ባለሀብት አላጠራትም፣ ባዶ መሬት ካገኘች ብቻ ነው የምትመጣው። በእኛ ከተማ ደግሞ ከሁሉም ነገር የጠፋው ባዶ መሬት ነው።

ሊመሽ ሲል ያገኘናት የባቡሩ ሐዲድ አጥር ሥር ነው። ቦይ አለ፤ በቦዩ ዳር ውኃ የተወው ጭቃ፤ በጭቃው ላይ ሦስት ዘለላ አደይ። ከግንዷ ቀጥ ብላ፣ አቧራ ለብሳ፣ ወደ መንገዱ አንገቷን አስግጋ ቆማለች፤ ታክሲ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ቦዩን ተሻገርኩ፤ ማለትም ግማሹን ተሻገርኩ። ሌላውን ግማሽ ጫማዬ ነው ያየው። ስመለስ ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች ጠቁሯል፤ ጭጎጎት። የአጎት ልጅ ዘመዱን ለብቻዋ አልለቀቃትም።

«አንድ ብቻ» አለች ልጄ። «ሌሎቹ ይቆዩ። ለከርሞ ዘር ያስፈልጋል።» አንዷን ብቻ ቆረጥኩ። ማታ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጭጎጎት ከሱሪዬ አንድ በአንድ ስለቅም፣ ልጄ አራተኛውን መስመር ጻፈች። አላሳየችኝም።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ትምህርት ቤቷ ከአደይ አበባ ፌርማታ አለፍ ብሎ ንፋስ ስልክ በኩል ነው። አበባዋ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ጭኗ ላይ ናት። ሰው ሁሉ በየስልኩ አቀርቅሯል። ሳሪስን አለፍን። ረዳቱ ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ግማሹን ወደ እኛ አዙሮ ጮኸ፦

«አደይ አበባ አለ?»

«አለ!» አለች ልጄ።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። በሩ ተከፈተ። መንገድ የዘጋንበት ከባድ መኪና ከኋላችን ጥሩምባውን ለቀቀው። ማንም አልወረደም።

«የታል ያለው?» አለ ረዳቱ።

ልጄ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አበባዋን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገቻት። ስምንት ቢጫ ቅጠል፣ መካከሏ ማኅበር። ያቀረቀረው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «እሰይ የኔ ልጅ፣ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» አሉ፤ አጠገባቸው ያለው ወጣት ሳቀ፤ ቀጥሎ ሾፌሩ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም። ከቃሊቲ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተለዋወጥን ሰዎች ነን።

ረዳቱ ብቻ አልሳቀም። አበባዋን በደንብ አያት። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«እሷ ሒሳብ ከፍላለች?» አለ። በሩን ዘጋና ወደ መስኮቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንፋስ ስልክ አለ?»

ልጄ ቀስ ብላ ወደ ኪሴ፣ ወደ ስልኬ፣ አየች።